ለግፊት ታካሚዎች በልማድ የሚሰጠው አስፒሪን፦ የቅርብ ዓመታት ጥናቶችን በክትትል ክፍላችን እንዴት እንተርጉማቸው?

ጥያቄ፤ ከክትትል ክፍል ሐኪም፣ ጎንደር

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤ በጎንደር ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በጠቅላላ ሐኪምነት የማገለግል ስሆን፣ በሳምንት ሁለት ቀን የደም ግፊትና የስኳር ታካሚዎችን እከታተላለሁ። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ በዐቢይ ጾም መጨረሻ ላይ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ለዓመታት ግፊታቸውን ስንከታተል የቆየን አንዲት የሰባ አራት ዓመት እናት «ልጄ፣ ዳገቱ አላስወጣኝ አለ፤ ልቤም ይመታል» እያሉ መጡ። የዐይናቸውን ሽፋን ገልጬ ሳየው ነጥቷል። አጥብቄ ስጠይቃቸው ዓይነ ምድራቸው ለሁለት ሳምንት ያህል እንደ ቅጥራን ጠቁሮ እንደነበረ፣ እርሳቸው ግን ወቅቱ ጾም በመሆኑ «የጎመን ነው» ብለው እንደተዉት ነገሩኝ። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላክኋቸው፤ ደም ተሰጥቷቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈዋል።

ከዚያ በኋላ ካርዳቸውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብሁት። ስትሮክም ሆነ የልብ ሕመም ደርሶባቸው አያውቅም። አስፒሪን የተጀመረላቸው ዕድሜያቸው ስለገፋና ግፊት ስላለባቸው ብቻ ነው። የጀመረላቸው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት በየቀጠሮው «ይቀጥል» ብዬ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ያንን ፊርማ ደጋግሜ ሳየው እንቅልፍ ነሳኝ።

አስፒሪን ሕመም ላልደረሰባቸው አረጋውያን ያለው ጥቅም ጥያቄ ውስጥ እንደገባ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጥናቶቹን በቅጡ አንብቤ ወደ ሥራዬ አላመጣኋቸውም። ስለዚህ ልምድ ያላችሁን የምጠይቀው፦ ለዓመታት ሲወስዱት የኖሩትን ታካሚዎች እናቁምላቸው ወይስ አዲስ አለመጀመሩ ይበቃል? «የደም ማቅጠኛዬን ለምን ከለከልከኝ?» ሲሉኝስ ምን ልመልስ? ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ ታካሚዎቼ በጾም ወራት ጠዋት መድኃኒት አይወስዱም። እኔ ደግሞ ለዓመታት «ጠዋት ካልሆነ አይሠራም» እያልኩ ስከራከራቸው ኖሬያለሁ። ይህ ክርክሬ መሠረት አለው?

ምላሽ 1፤ ከውስጥ ደዌ ሐኪም

ዶክተር፣ ያጋጠመህን ሳትሸሽግ ማቅረብህን አከብራለሁ። በካርድ ላይ «ይቀጥል» የሚለው ቃል ከሁላችንም እጅ ወጥቷል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የአንተ ብቻ አይደለም።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ከ22 ሺህ በላይ ወንድ ሐኪሞች የተሳተፉበት ጥናት አስፒሪን ኸርት አታክን በ44 በመቶ እንደቀነሰ ባሳየ ጊዜ፣ መድኃኒቱ ለጤነኛም ሰው መከላከያ ሊሆን ይችላል የሚለው እምነት በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። እኛም የተማርነው በዚያ መንፈስ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የግፊትና የኮሌስትሮል ሕክምና ተሻሻለ፤ ማጨስም በብዙ አገሮች ቀነሰ። ስለዚህ አስፒሪን ሊከላከለው የሚችለው አደጋ ራሱ እያነሰ ሲሄድ፣ የሚያስከትለው የደም መፍሰስ ግን ባለበት ቀረ።

ይህን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አስፕሪ የተባለው ጥናት ነው። በአውስትራሊያና በአሜሪካ 19,114 አረጋውያን፣ አብዛኞቹ ሰባ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ በዕጣ ተመድበው ግማሾቹ በየቀኑ 100 ሚሊግራም አስፒሪን፣ ግማሾቹ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን ወሰዱ። አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲታዩ አስፒሪን ከአካል ጉዳትና ከመርሳት በሽታ ነጻ ሆነው የሚኖሩበትን ዕድሜ አላረዘመም፤ የልብና የደም ሥር ሕመምንም ጎልቶ በሚታይ መጠን አልቀነሰም። ከባድ ደም መፍሰስ ግን በአስፒሪን ወሳጆቹ ላይ 3.8 በመቶ፣ በሌሎቹ ላይ 2.8 በመቶ ነበር። ክኒኑ በጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነው ዓይነት እንደነበር ልብ በል፤ «ሽፋን ስላለው ጨጓራ አይነካም» የሚለው ማጽናኛችን አያስተማምንም።

ስለ ስኳር ታካሚዎችህም ስለምታስብ ልጨምርልህ። በዚያው ዓመት የታተመው አሴንድ የተባለው ጥናት 15,480 የስኳር ሕሙማንን ከሰባት ዓመት በላይ ተከታትሏል። በእነርሱ ላይ ጥቅም ታይቷል፤ ከባድ የልብና የደም ሥር ክስተት ከ9.6 ወደ 8.5 በመቶ ወርዷል። ከባድ ደም መፍሰሱ ደግሞ ከ3.2 ወደ 4.1 በመቶ ወጥቷል። በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው ነጥቋል ማለት ይቻላል። ደም ባንኩ ቅርብ በሆነበት፣ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት) በሰዓታት ውስጥ በሚሠራበት አገር ይህ ሚዛን አንድ ነገር ነው፤ ከቆላ ድባ ወይም ከዳባት በሌሊት መኪና ፈልጎ መምጣት ላለበት ታካሚ ግን ሌላ ነው። በእኔ ግምት የእኛ ሚዛን ወደ አለመስጠት የበለጠ ያጋድላል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። በደም መርጋት ስትሮክ የደረሰበት፣ ኸርት አታክ ያገኘው ወይም በልቡ ደም ሥር ስቴንት (የጠበበን ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) የተደረገለት ሰው አስፒሪኑን ያለ ሐኪሙ ምክር ማቆም የለበትም፤ በእነዚህ ላይ ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው። ይህ ሁሉ የሌለበት፣ ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ የግፊት ታካሚ አዲስ አይጀመርለት። ሲወስድ የቆየው ሰባ ዓመት ካለፈው፣ ወይም የጨጓራ ቁስለት ወይም የደም ማነስ ካለበት፣ እኔ አቆምለታለሁ። ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልገውም፤ አስፒሪን የነካቸው ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት የደም ሕዋሳት) ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በአዲስ ይተካሉ፤ ሥራውም በዚያው ያበቃል።

በእኛ አካባቢ ብዙ ስለምናየው ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የልብ ምታቸው የተዛባና ቫልቫቸው የጠበበ ወጣቶች ደም እንዳይረጋ በሚከላከለው በዋርፋሪን ፈንታ አስፒሪን ይዘው ሲመጡ አያለሁ። አስፒሪን የዋርፋሪን ምትክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ከ4,500 በላይ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን አሳትፎ፣ አዲሱ የደም መርጋት መከላከያ ሪቫሮክሳባን እንኳ ከዋርፋሪን ቤተሰብ መድኃኒቶች እንዳልተሻለ፣ እንዲያውም በእነዚህኞቹ ሞት ያነሰ እንደነበረ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ታካሚ ስታገኝ ወደ ሪፈራል ላከው።

ስለ ሰዓቱ ክርክርህ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ታካሚዎችህ ረትተውሃል። በብሪታንያ 21,104 የግፊት ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ታይም የተባለው ጥናት ጠዋት በሚወስዱትና ማታ በሚወስዱት መካከል በኸርት አታክ፣ በስትሮክና በደም ሥር ሞት ልዩነት አላገኘም፤ 3.7 እና 3.4 በመቶ ነበር። በካናዳ ከሦስት ሺህ በላይ ሰዎችን ያሳተፈው ቤድሜድም ወደዚያው መደምደሚያ ደርሷል። ዋናው ነገር ሳይቋረጥ መወሰዱ ነው።

ምላሽ 2፤ ከፋርማሲ ባለሙያ

ዶክተር ያብራሩት እንዳለ ሆኖ፣ ከመስኮቱ ወዲህ የምናየውን ልጨምር። በካርዱ ላይ ያለው አስፒሪን ብቻውን አይደለም። አንድ አባት የግፊት መድኃኒታቸውን ወስደው ሲጨርሱ «ለወገቤም ትንሽ ስጠኝ» ብለው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛሉ። ይህ በክትትል ካርዱ ላይ አይጻፍም። እነዚህ ማስታገሻዎች ከአስፒሪን ጋር ሲደመሩ የጨጓራ መድማትን ያባብሳሉ፤ ግፊትን ራሱን ከፍ ያደርጋሉ፤ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉትን የግፊት መድኃኒቶች በሚወስድ ሰው ላይ ሲጨመሩ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። አይቡፕሮፌን ቀድሞ ከተወሰደ የአስፒሪንን ሥራ ስለሚከለክል፣ ስትሮክ ለደረሰበት ሰውም ጉዳት ነው። እባካችሁ «ከእኛ ሌላ ምን ይወስዳሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ ማስታገሻን ስለማይቆጥሩት «የለም» ይላሉና «ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለራስ ምታት» እያላችሁ በስሙ ጥሩት።

አስፒሪን መቀጠል ያለበት ሰው የጨጓራ ባክቴሪያ ካለበትስ ለሚለው፣ በብሪታንያ በስድሳና ከዚያ በላይ ዕድሜ ባሉ አስፒሪን ወሳጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሂት የተባለ ጥናት አለ። ባክቴሪያውን በመድኃኒት ያጠፉት ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ በቁስለት ደም የመፍሰስ ዕድላቸው ቀንሷል፤ ከዚያ በኋላ ግን ልዩነቱ አልዘለቀም። የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን ብዙ ሰው ላይ ስለሚገኝ፣ ቢያንስ ከዚህ በፊት የጨጓራ ሕመም የነበረበትን ሰው መመርመር ተገቢ ይመስለኛል።

ምላሽ 3፤ ከጤና መኮንን፣ ከከተማው ውጭ

የተባለውን በአመዛኙ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን «አቁሙ» የሚለው ቃል እንዲህ በቀላሉ መውጣቱ ያሳስበኛል። እኔ በምሠራበት ቦታ ካርድ ይጠፋል፤ ታካሚው ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዛወር ታሪኩ አብሮት አይመጣም። «ስትሮክ ነበረብዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው «የለም» ያሉኝ አንድ አባት፣ ጥያቄዬን ለውጬ «እጅዎ ዝሎ፣ አፍዎ ተያይዞ ያውቃል?» ስላቸው «አዎ፣ የዛሬ አራት ዓመት በአጨዳ ጊዜ አንድ ቀን ሙሉ ይዞኝ በማግስቱ ተወኝ» አሉኝ። ይህ ሰው ጊዜያዊ ስትሮክ ያለፈበት ነውና አስፒሪኑ ሊቆምበት አይገባም። ካርዱ ላይ ግን የተጻፈው «ግፊት» ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል ያወጣው ምክርም ስድሳና ከዚያ በላይ ለሆኑት በዋናነት የሚለው «አትጀምሩ» ነው፤ ሲወስዱ ለኖሩት ደግሞ ሰባ አምስት ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ማቆምን አስቡበት ይላል እንጂ ሁሉም በአንድ ቀን ይቁምላቸው አይልም። ስለዚህ ከማቆማችን በፊት ታሪካቸውን በሚገባቸው ቋንቋ እንደ አዲስ እንጠይቅ፤ ውጤቱንም በካርዱ የፊት ገጽ ላይ በጉልህ እንጻፍ።

ሌላም አለ። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት የጤና መኮንን ሙያ በአገራችን የተጀመረባት ከተማ ናት። ዛሬም በገጠሩ የግፊት ታካሚ የሚያየው በአብዛኛው ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው። ጥናቱ ለሐኪሞች ብቻ ተነግሮ ከቀረ ዶክተር የተጨነቁበት ነገር ከከተማ በወጣ በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ እንዳለ ይቀጥላል።

ምላሽ 4፤ ከውስጥ ደዌ ሐኪሙ

የጤና መኮንኑ እርማት ትክክል ነው፤ ተቀብዬዋለሁ። «እጅዎ ዝሎ፣ አፍዎ ተያይዞ ያውቃል?» የሚለውን ጥያቄ ነገ ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ።

አስፒሪኑን ስናነሳ በቦታው የግፊት ሕክምናውን ካላጠናከርን ግን ታካሚውን ባዶ እጁን ሰደድነው ማለት ነው። ስትሮክን በእርግጥ የሚከላከልለት የግፊቱ መውረድ ነው። በእኛ ክፍሎች ኢናላፕሪል ብቻውን ለዓመታት የሚሰጣቸውና ግፊታቸው ከ160 ያልወረደ ታካሚዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ክሪዮል የተባለው ጥናት በካሜሩን፣ በኬንያ፣ በሞዛምቢክ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዩጋንዳ 728 ጥቁር አፍሪካውያንን አሳትፎ፣ አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት ያለበት ጥምረት፣ ከሃይድሮክሎሮታያዛይድም ሆነ ከፔሪንዶፕሪል ጋር፣ አምሎዲፒን ከሌለበት ጥምረት የተሻለ እንደሆነ አረጋግጧል፤ ልዩነቱ በ24 ሰዓት የግፊት ልኬት ሦስት ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ነበር። ስለዚህ አምሎዲፒንን መሠረት አድርጎ ከሁለት መድኃኒት መጀመር፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ካወጣው መመሪያ ጋርም ይስማማል። ለጾሙም ይመቻል። አምሎዲፒን በደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት ስለሚፈጅበት፣ የሰዓታት መዘግየት ብዙ አይጎዳውም። ኢናላፕሪል በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘለት ሰው ግን በጾም አንዱን መዝለሉ የማይቀር ነው።

ምላሽ 5፤ ከክትትል ክፍል ነርስ፣ ጎንደር

ስለ መድኃኒቱ ብዙ ተባለ፤ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ግን እኛ ከምንጽፈው ቁጥር ነው። ታካሚው ከታች ዳገቱን ወጥቶ ይመጣል፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ እንደደረሰ ክንዱን ይዘን እንለካለን፤ ክንዱም ብዙ ጊዜ በጭኑ ላይ ወይም ተንጠልጥሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ክንድ በጭን ላይ ሲሆን የላይኛው ቁጥር በአራት ገደማ፣ በጎን ሲንጠለጠል ደግሞ በ6.5 ገደማ ከፍ ብሎ እንደሚታይ ለክቷል። በተቃራኒው የዚያው ተቋም የ2023 ጥናት ቀጭን ክንድ ላይ መደበኛውን ማሰሪያ መጠቀም ግፊቱን በ3.6 ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ ነግሮናል። የእኛ አረጋውያን እናቶች ክንዳቸው ቀጭን ነው፤ ያለን ማሰሪያ ግን አንድ መጠን ነው። ትንሹን ማሰሪያ ማስገዛት ከብዙ ሥልጠና ይልቅ ይጠቅመን ነበር።

እኛ አሁን ከካርድ ክፍል እስከ መለኪያው ባለው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠን አምስት ደቂቃ ሳይቀመጥ አንለካም፤ ጠረጴዛውንም በልብ ትይዩ አድርገነዋል። ቡና ጠጥተው የመጡትን ግማሽ ሰዓት እናቆያቸዋለን። መጀመሪያ ወረፋው የሚረዝም መስሎን ፈርተን ነበር፤ አልረዘመም።

በጾም ጉዳይ የምንለው ይህ ነው፦ «መድኃኒቱን በሚፈቱበት ሰዓት ይውሰዱ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ በዘጠኝ፣ ማታ ከሆነ ማታ፤ ብቻ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይሁን።» ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያላቸውን ከመኝታ በፊት ባይሆን ይመረጣል እንላቸዋለን። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ግን በዚህ መንገድ አይመሩም፤ እነርሱን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለሐኪም እናቀርባቸዋለን። እንዲህ ካልን ወዲህ «ጾም ነው ብዬ ተውኩት» የሚል ታካሚ ቀንሶልናል።

ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ በነበረው የክትትል ቀን አስፒሪን ከሚወስዱት መካከል አሥራ አንዱን የጤና መኮንኑ ባሳየን መንገድ እንደ አዲስ ጠየቅኋቸው። ሁለቱ «አፌ ተያይዞ ነበር» አሉ፤ እነርሱ ይቀጥላሉ፤ በካርዳቸው የፊት ገጽም ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ። አንዷ ወጣት የልብ ምቷ የተዛባ ስለሆነ ሪፈር ጻፍሁላት። አራቱ ዳይክሎፌናክ ከውጭ እየገዙ ይወስዱ ነበር።

«ለምን ከለከልከኝ?» ያሉኝም ነበሩ። አንድ አባት በተለይ አዝነው «ለዓመታት ጠብቆኛል» አሉ። እኔም እንዲህ ብዬ መለስሁላቸው፦ «አባቴ፣ በፊት ይህ ክኒን ለሁሉም ይጠቅማል ብለን እናምን ነበር። ከዚያ በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ተጠንተው፣ ስትሮክ ላልደረሰበት ሰው ከጥቅሙ ይልቅ ማድማቱ እንደሚያመዝን ታወቀ። እርስዎን የሚጠብቅዎት ግፊትዎ መውረዱ ነው፤ ዛሬ በእርሱ ላይ ሁለተኛ መድኃኒት እጨምርልዎታለሁ።» ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲያ ይህን ቀድሞ ማን ይነግረኝ ነበር?» አሉኝና መድኃኒታቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ደም የፈሰሳቸው እናትም ለቁጥጥር መጥተው ነበር። ያለ አስፈላጊነቱ ያንን ክኒን ስንሰጣቸው እንደኖርን፣ እኔም እንደፈረምሁበት፣ ፊት ለፊት ነገርኋቸው። ከሲስተር በተማርሁት መሠረት በአግዳሚው ላይ አምስት ደቂቃ አስቀምጬ፣ ክንዳቸውን በጠረጴዛ ላይ አሳርፌ ለካኋቸው፤ 138 በ82 ነው። ቀጣይ ቀጠሯቸው ከአንድ ወር በኋላ ነው።